በፊልም የመጣ መርዶ

ወሬው የደረሰኝ ከቅዳሴ ስወጣ ነው። ጎሬ ላይ ዝናብ ጀምሮ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቆሜ ዣንጥላዬን ስዘረጋ ስልኬ ጠራ። ደሴ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ይህ ልጅ ሰላምታው ረጅም ነው፤ ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ ጤናውን ሁሉ ሳይጠይቅ ወደ ነገሩ አይገባም። የዚያን ቀን ግን፣

«አክስቴ፣ ቤት ነዎት ወይስ መንገድ ላይ?» አለኝ።

«ከቤተ ክርስቲያን እየወጣሁ ነው። ምነው? ሰው ደኅና?»

«ሰውስ ደኅና ነው። ያ የዝንጀሮው ፈረንጅ ፊልም ተሠርቶለታል። የሕይወት ታሪኩ ነው አሉ። አጎቴም አለበት።»

«የትኛው አጎትህ?»

«ዲያቆኑ። ይገድሉታል፣ አክስቴ። ፊልሙ ላይ ይገድሉታል።»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳለኝ አላስታውስም። አንዲት የሰፈሬ ሴት፣ «ምነው እትዬ፣ ነጠላዎ ጭቃ ነካ» ስትለኝ ብቻ ነው መሬት ላይ ቁጭ ማለቴን ያወቅሁት።

በእኛ አገር፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ ሰው ርቆ ሲሞት መርዶ ይነገራል። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ይመጣሉ፤ ደጅ ላይ ሲያያቸው ባለቤቱ ከቃላቸው በፊት ያውቃል። ከዚያ ይለቀሳል፤ ፍትሐት ይደረጋል፤ ተዝካር ይወጣል። ስሙም፣ ካህኑ በሕይወት ካሉት ጋር ሲጠራው የነበረው የክርስትና ስሙ፣ ካረፉት ጋር መጠራት ይጀምራል። በሕይወት ያለን ሰው ከሙታን መጥራት ሟርት ነው። የሞተን ከሕያዋን መጥራት ደግሞ ነፍሱን ከደጅ ማስቆም ነው ይሉናል።

ለታላቅ ወንድሜ መርዶ የነገረን ሰው የለም። በደርግ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ ገደል አፋፍ ተወሰደ፤ ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። ስለዚህ አልተለቀሰለትም። ስሙም እስከ ዛሬ ድረስ ከሕያዋን ጋር ነው የሚጠራው። እኔ ራሴ ነኝ ለካህኑ የምነግረው።

ወንድም ጋሼ ነበር የምለው፤ አሁንም እንዲሁ ልበለው።

ፈረንጁ የመጣው ንጉሡ ከመውረዳቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ከደንቆሮ ጫካ በላይ ድንኳን ተከለ። የመጣው ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ነው ሲባል አገሩ ሁሉ ሳቀ። ጭላዳ ማለት ለኛ ገብሳችንን የሚጨርስ ሌባ ነው፤ ልጆች በወንጭፍ የሚያባርሩት። ሰው ባሕር ተሻግሮ እሱን ለማየት ይመጣል ቢባል ማን ያምናል? አንዳንዱ ወርቅ ፈልጎ ነው አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ አገሩ ላይ ሰው ገድሎ የተደበቀ ነው አለ።

አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ብራናም ይፍቁ ነበር። ፈረንጁ ገደሉን የሚያውቅ ሰው ቢለምናቸው ወንድም ጋሼን ሰጡት። ወንድም ጋሼ ያኔ ዲያቆን ነው። ከተማሪነቱ ጀምሮ ውዳሴ ማርያሙን ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ መድገም ልማዱ ነበር፤ ጭላዶቹም ስለለመዱት ከአጠገቡ አይሸሹም።

አንድ ቀን ስንቅ ላደርስ ሄጄ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ጠዋት ከሚያድሩበት የገደል ጉያ እየወጡ ሜዳውን ሞሉት። ቁጭ ብለው ሣሩን በእጃቸው እየነጩ፣ አረም እንደምትነቅል ሴት በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ይሄዳሉ። ወንዱ ጎፈሩ ትከሻው ላይ ተደፍቶ፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ነገር እንደ ቁስል ያበራል።

«ተመልከቻቸው» አለኝ ወንድም ጋሼ። «ሥጋ አይቀምሱ፣ ወተት አይጠጡ። ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ ናቸው።»

«ገብስ ሲሰርቁስ?»

«እሱንማ ለንስሐ አባታቸው ይናገሩ።»

የሰፈሩ ሰው ማሾፊያ አደረገው። ከገደሉ ሲመለስ መንገድ ላይ፣ «ዲያቆን፣ ዛሬስ ስንቱን አቆረብክ?» ይሉታል። እሱ አይቆጣም። «ለቁርባንስ አልደረሱም፤ ግን ሐሜት የላቸውም፣ በዚህ ከናንተ ይሻላሉ» ብሎ ያልፋል።

ፈረንጁ የሩቅ ማያ መነጽር ነበረው። ማንጠልጠያው ሲበጠስ ወንድም ጋሼ ወደ አባቴ አመጣው። አባቴ ከፍየል ቆዳ ቀደው፣ የዳዊት ማኅደር በሚሰፉበት አሰፋፍ፣ በጅማት ድርብ አድርገው ሰፉት። ማኅደር ሲሰፉ ሁልጊዜ ስፌቱን በትንሽ መስቀል ነው የሚጨርሱት፤ እጃቸው ሌላ አያውቅም፤ መነጽሩም ላይ እንዲሁ ጨረሱት። ፈረንጁ መስቀሏን ሲያይ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ «መነጽር ክርስትና ተነሳ!» ብሎ ሳቀ። አባቴም ሳቁ። አባቴ ሲስቁ ያየሁባቸው ቀኖች ብዙ ስላልሆኑ ይህን አልረሳውም።

ከዚያ ደርግ መጣ። ማኅበር ተቋቋመ፣ ካድሬ ከደሴ ወረደ፣ ስብሰባ በዛ። የፈረንጁ ነገር «የኢምፔሪያሊስት ሰላይ» ተባለና አንድ ቀን መኪና መጥቶ ጭኖት ሄደ። ድንኳኑን ለመንቀል እንኳ ጊዜ አልሰጡትም። ሊሄድ ሲል መነጽሩን ከአንገቱ አውልቆ ወንድም ጋሼ አንገት ላይ አደረገውና፣ «እስክመለስ እይልኝ» አለው።

ይህችን ቃል ነው ወንድም ጋሼ አደራ ያደረጋት። ሌላው ሰው ቢሆን መነጽሩን ሸጦ ወይ ደብቆ ዝም ይል ነበር። እሱ ግን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መነጽሩን አንጠልጥሎ ወደ ገደሉ ይሄዳል። ማን ወለደ፣ የትኛው ወንድ የትኛውን አሸነፈ፣ እያየ በቃሉ ይይዛል። እናቴ ፈራች።

«ልጄ፣ ጊዜው ክፉ ነው። ምን አለ አሁንስ ብትተወው?»

«እማዬ፣ እይልኝ ብሎኝ ነው የሄደው። ሲመለስ አላየሁም ልበለው?»

በስብሰባ አስነሡት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበርኩ። ካድሬው ወጣት ነው፤ ከወንድም ጋሼ አይበልጥም።

«በየቀኑ ገደል ለገደል ምን ታያለህ?»

«ጭላዳ ነው፣ ጓድ።»

«ጭላዳ ለማየት መነጽር ምን ይሠራል?»

ከገበሬዎቹ አንዱ፣ «እውነቱን ነው፣ ጓድ! እኔ ያለ መነጽር ነው የማያቸው፣ ገብሴን ሲቦጠቡጡት!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድም ጋሼም ሳቀ። ካድሬው ግን አልሳቀም። «ሳቅ ይቁም! ገደሉ ውስጥ ሽፍታ አለ። ለማን ምልክት እንደምትሰጥ እናውቃለን» አለ። ያኔ በእርግጥም ርስታቸው የተወረሰባቸው ሰዎች ወደ ቆላው ወርደው ሸፍተው ነበር። ወንድም ጋሼ ከነሱ አንዱንም አያውቅም። ይህን የምለው እህቱ ስለሆንኩ አይደለም፤ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ቀን ገደል፣ ማታ ቤት ያለ ሰው ነበርና ነው።

የተወሰደ ቀን ያየችው አንዲት እስላም ጎረቤታችን ናት። እንጨት ለቅማ ስትመለስ ታጣቂዎች ከፊትና ከኋላ ሆነው ወደ ገደሉ ይዘውት ሲሄዱ አየች። ወደ እናቴ እየሮጠች መጣች።

«መነጽሩ አንገቱ ላይ ነው፤ እጁም አልታሰረም። ወላሂ እጁ አልታሰረም! አብሽሪ እታለም፣ እጁን ያላሰሩትን ሰው ምን ሊያደርጉት ነው?»

እናቴ ይህችን ይዛ ቀረች። እጁ አልታሰረም።

አባቴ በማግሥቱ መካነ ሰላም ወረዱ፤ እናቴ በአገልግል ስንቅ ቋጥራላቸው። እስር ቤቱ በር ላይ የቆመው ጥበቃ የእስረኛውን ስም ጠየቃቸው። ነገሩት። «ስንቁን አስቀምጠው ይሂዱ» አላቸው። በቃ ይህን ብቻ። አለ አላላቸውም። የለምም አላላቸውም። ስንቁን ተቀበለ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄዱ አገልግሉ ባዶውን ተመለሰ። እናቴ አገልግሉን ተቀብላ ከፍታ አየች፤ ከዚያ ሳመችው። «በላልኝ» አለች። እኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ነበር፦ የታሰረ ሰው ስንቁ ከተመለሰ ሞቷል፤ ከተወሰደ አለ። ሌላ የሚጠየቅ ሰው ስላልነበረ አገሩ ሁሉ ልጁን የሚጠይቀው በአገልግል ነበር። እናቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላትን ሁሉ ወደዚያ በር ላከች። ረቡዕና ዓርብ የጾም፣ በፍስክ ቅቤ የነካው። እኛ ቆሎ ቆርጥመን ባደርንበት ቀን እንኳ የሱ አገልግል ሞልቶ ይሄዳል። አዲስ እሸት ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ነው። ባዶው አገልግል ሲመለስ ሁልጊዜ ትስመዋለች።

በሁዳዴ ጾም አንድ ቀን አባቴ ሲመለሱ አገልግሉን እኔ ተቀበልኳቸው። ስከፍተው ታቹ ላይ የሲጋራ ቁራጭ አለ። ወንድም ጋሼ ትንባሆ ከሚያጨስ ሰው ጋር በነፋስ አቅጣጫ እንኳ አይቆምም ነበር። አባቴ አዩት፤ አንሥተው ወደ እሳቱ ጣሉት። «እስር ቤት ብዙ ሰው ነው ያለው» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። ከዚያ አገልግሉን ለእናቴ ሰጧት፤ እሷም ሳመችው።

ብዙ ቆይቶ ጥበቃው ተቀየረ። አዲሱ ሰው ስሙን ሰምቶ፣ «እንዲህ የሚባል እስረኛ እዚህ የለም፤ ወደ ደሴ ተዛውሮ ይሆናል» አላቸው። አባቴ ደሴ ሄዱ። እዚያም የለም። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በተኙበት አረፉ።

እናቴ ግን ሰውን ሁሉ የምትመልሰው በአንድ ቃል ነበር፦ «መርዶ ሳይነገረኝ አላለቅስም።» ሰው ሊያጽናናት ከንፈሩን ሲመጥ ትቆጣለች። «ምን ያስመጥጥሃል? ልጄ ስንቁን ሲበላ የነበረ ሰው ነው» ትላለች።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቀዬው ተፈታ። ሰፈራ ተባለ፤ መኪና ተደረደረ። እኔና እህቴ እናታችንን አብራን እንድትሄድ እግሯ ላይ ወደቅን። ያች እስላም ጎረቤታችንም አብራን ለመነቻት። «እታለም፣ አላህ ካለው ልጅሽ የትም ያገኝሻል። እዚህ ተቀምጠሽ ረኃብ ይብላሽ ነው የምትይ?»

እናቴ የበሩን መቃን ይዛ ቆማ ነበር። «እናንተ ሂዱ» አለችን። «ልጄ መጥቶ ቤቱን ዘግቼ ቢያገኘኝ ምን ይለኛል?»

እህቴ ባሏን ተከትላ ደሴ ቀረች። እኔን መኪናው ወደ ኢሉባቦር ይዞኝ መጣ። እናቴ በዚያው ክረምት ሞተች። መርዶዋን የነገሩኝ ከኋላዬ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ እነሱም ተርበው፣ ቆመው መሄድ ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ። ግን መጡ። ጎህ ሳይቀድ ደጄ ላይ ቆመው ነገሩኝ። አለቀስኩላት፤ ስሟ ካረፉት ጋር ይጠራል። እግዚአብሔር ውለታቸውን ይክፈላቸው።

እኔ እዚህ ተምሬ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ጡረታ ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት ጉሬዛዎቹ ከዛፉ ላይ ሲጮኹ ስሰማ ወንድም ጋሼ ቢያያቸው ምን ይል ነበር እላለሁ። ሌላ ጊዜ ስለሱ አላወራም ነበር፤ ስሙን ለካህኑ እሰጣለሁ፣ በቃ።

ፊልሙን የእህቴ ልጅ በሰው እጅ ላከልኝ። አብራኝ ያስተማረች የእንግሊዝኛ አስተማሪ አለች፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በቤቷ አስቀምጣ እየተረጎመች አሳየችኝ። አማትቤ ተቀመጥኩ።

ገደሉ የኛ ገደል አይደለም። የደጋችን ተክል፣ ጅብራ የለበትም፣ አስታ የለበትም፤ ሌላ አገር ሄደው ነው ያነሡት። ወንድም ጋሼን እረኛ አድርገውታል። ዲያቆን መሆኑ የትም የለም። «አሁን ሁዳዴ ጾም ላይ ናቸው» ብላ ጓደኛዬ በተረጎመችልኝ ቦታ ወተት ያጠጡታል።

«ውሸት ነው!» አልኩ። «እሱ በሁዳዴ ወተት ሊጠጣ?»

«ፊልም እኮ ነው፣ እትዬ። ሰዎቹ ምን ያውቃሉ?»

ከዚያ የታጣቂዎቹ ጊዜ መጣ። ገደሉ አፋፍ ላይ አቆሙት። መነጽሩን ከአንገቱ አውልቆ ለአንዱ ታጣቂ ዘረጋለትና አንድ ነገር አለው። ጓደኛዬ ይህን አልተረጎመችልኝም።

«ምን አለ?»

«የሰው አደራ ነው፤ ለባለቤቱ ስጡልኝ፣ ነው የሚለው።»

ከዚያ ተኮሱበት። ወደ ገደሉ ሲወድቅ ጭላዶቹ ጮኹ።

ጓደኛዬ ልታጠፋው ስትል እጇን ያዝኩ። አልቅሼ አልነበረም። በልቤ አንድ በአንድ ስቆጥር ነበር፦ ገደሉ ውሸት፣ እረኝነቱ ውሸት፣ ወተቱ ውሸት። ወተቱ ውሸት ከሆነ ጥይቱስ ለምን እውነት ይሆናል? እናቴ ብትኖር እንደዚህ ነበር የምትለው። እኔም እንዲሁ ብዬ ልነሣ ስል ፊልሙ አለቀና እውነተኛ ፎቶግራፎች መምጣት ጀመሩ። ፈረንጁ፣ አርጅቶ፣ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ መነጽሩ አለ።

«እዚህ ላይ አቁሚልኝ» አልኳት።

አቆመችልኝ። ተጠጋሁ። የፍየል ቆዳው ጠቁሯል፤ ድርቡ የጅማት ስፌት ግን አለ። ጫፉ ላይ የአባቴ መስቀል አለ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። መነጽሩ በዚያች ቀን አንገቱ ላይ ነበር። ከዚያ አፋፍ በእግሩ ሄዶ ባሕር አልተሻገረም። የወሰደው ሰው አለ።

የእህቴ ልጅ ፊልሙን ለሠሩት ሰዎች መልእክት ጻፈላቸው። መለሱለት። ፈረንጁ ከመሞቱ በፊት እንዲህ ብሎ ነግሯቸዋል፦ ደርግ ከወደቀ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ሳለ አንድ ሰው ካረፈበት ድረስ መጥቶ መነጽሩን ሰጠው፤ ዲያቆኑ አፋፉ ላይ በዚያው ቀን እንደተገደለ ነገረው፤ ስሙን ሲጠይቀው ሳይናገር ሄደ። ፈረንጁ ወደ ቀዬአችን ሰው ልኮ ነበር አሉ። ቤቱ ፈርሶ፣ ሰዉ ተበትኖ ማንንም አላገኘ።

በዚያው ቀን። እንግዲያ ያ ሁሉ አገልግል የት ሄደ? እናቴ ከአፏ ነጥቃ የላከችው እንጀራ፣ ያ እሸት፣ ያ ቅቤ? ስንቱን ጊዜ ነው ባዶውን የሳመችው? አንድ ሰው በሩ ላይ አባቴን፣ «አባ፣ አያምጡ፤ ልጅዎ የለም» ብሏቸው ቢሆን እናቴ አልቅሳ፣ ቀብራ፣ ከእኛ ጋር መኪናው ላይ ትወጣ ነበር። ልጇን ያን ቀን ገደሉት። እሷን ግን በዝምታ ነው የገደሏት፤ ያውም በቀስታ።

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ ሞቷል ካልሽ ነገ ፍትሐት አደርጋለሁ። እኔ ምስክር አልጠይቅሽም» አሉኝ።

«አባቴ፣ እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

«እኔማ ምን አውቃለሁ። ስሙን የምትሰጪኝ አንቺ ነሽ።»

ሞቷል ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም አለኝ። አውቃለሁ፤ ስፌቱን አይቻለሁ። ግን ማወቅና መርዶ አንድ አይደሉም። ፈረንጅ ከሰው ሰምቶ፣ ፊልም ሠሪ ከፈረንጅ ሰምቶ፣ ወተት ካጠጣው ፊልም ላይ አንሥቼ የእናቴን ልጅ ከሕያዋን ልሰርዘው? «እሑድ እመለሳለሁ» ብያቸው ወጣሁ። እሑድ ሲደርስ ስሙን እንደወትሮው ከሕያዋን ጋር ሰጠሁ። እሳቸውም ተቀበሉኝ።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ያን ቀን አፋፉ ላይ ለነበራችሁ ነው። መሣሪያ ይዛችሁ ለቆማችሁ፣ ቆማችሁ ላያችሁ፣ በኋላም በሩ ላይ አገልግሉን ለተቀበላችሁ። አርጅታችኋል፤ እኔም አርጅቻለሁ። ፍርድ ቤት አልጠራችሁም፤ ስማችሁን አልፈልግም። ስንቁንም እግዚአብሔር ለተራበ ይቁጠርላችሁ። መነጽሩን ተሸክመህ ለዚያ ሰው ያደረስከው አንተ ማን እንደሆንክ አላውቅም፤ አደራ የማታስቀር ሰው መሆንህን ግን አውቃለሁ። የፈረንጁን አድርሰሃል። የኛ ቀርቷል።

ወደ እኔ መምጣት ከከበዳችሁ በመካነ ሰላም ዙሪያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ወደ አንዱ ሂዱና ለአንድ ካህን በንስሐ ንገሩት፤ እስላም ከሆናችሁም ለአንድ ሼህ ንገሩ። ወድቆ እንደሆነ የትኛው ገደል ሥር እንደቀረ፣ አፈር ያለበሰው ሰው እንዳለ። ይህን ብቻ ወደ ደሴ፣ ወደ እህቴ ቤት ላኩልን። ከቻላችሁ ግን ራሳችሁ ኑ። ጎህ ሳይቀድ ኑና ደጃችን ላይ ቁሙ፤ ምንም ባትናገሩም እናውቃለን። ያን ጠዋት ስሙን ካረፉት ጋር ለካህኑ እሰጣለሁ።